ለሰርግ የተመረጠ ካሴት

ወንድሜ ከተቀበረ ሳምንት ሳይሞላው የባንዱ መሪ ቤታችን መጣ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መሰለን። እናቴ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ «ግባ ልጄ» አለችው። ገባ፣ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ፣ መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። ድሬዳዋ በዚያ ወር እንባ የሚጠርገውን ሰው ላብ ከሚጠርገው መለየት ያስቸግራል። እኔ ግን ለየሁት። መሀረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «እማማ፣ ካሴቶቹ ደህና ቦታ ነው ያሉት?» አለ።

በዚያች ጥያቄ ጠላሁት ብል ውሸት ነው። ከዚያ በፊትም አልወደውም ነበር።

መሪው ሳክስፎን ይነፋል። ቀን ቀን ደግሞ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ከሚጋርዳቸው ቢሮዎች በአንዱ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነው። ቢሮው ውስጥ እንደ ሙዚቀኛ ይሠራል፤ ማለትም ያረፍዳል። ባንዱ ውስጥ እንደ ቢሮ ኃላፊ ይሠራል፤ ማለትም ስብሰባ ይጠራል። ለሸሚዝ ቀለም ስብሰባ፣ ለሰርግ ቤት ምሳ ስብሰባ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም ስብሰባ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንኳ እንደ እሱ ስብሰባ አይወድም ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ቢያንስ ሳክስፎን አይነፋም።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ኦርጋን ይጫወት ነበር። ቢዮ አዋሌ የምትባል የገጠር ከተማ ለሰርግ ሄዶ ከተመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ አተኮሰው። ወባ ናት አሉ። ወባ ለእኛ እንደ ጉንፋን ስለሆነች ማንም አልደነገጠም። ከዚያ ጭንቅላቱ ላይ ወጣች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬ ነበር። ይቅር።

ስለ ካሴቶቹ ልጻፍ።

ባንዱ የሰርግ ባንድ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ ሰርግ ማጫወት ቀላል አይደለም። አንዱ ወገን ኦሮምኛ ይፈልጋል፣ ሌላው ሶማልኛ፤ በመሀል የሐረሪ አክስቶች ይነሡና የራሳቸውን ይጠይቃሉ፤ ሙሽራው የባቡር ሠራተኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከደጋ የመጡት አጎቶቹ እስክስታ ካልወረዱ እንደተናቁ ይቆጥሩታል። ይህ ሁሉ በአንድ ዳስ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሁሉም ነገር ሳይመሽ ማለቅ አለበት። ዘፋኙ ግማሹን ቋንቋ አያውቀውም፤ እያጉተመተመ ያልፈዋል። ወንድሜ ግን የሁሉንም ዜማ ያውቅ ነበር። ገበያ ቆሞ ይሰማል፣ ሰርግ ቤት ጓዳ ገብቶ ሴቶቹን ያስዘፍናል፣ በማግሥቱ ጣቱ ላይ ነው።

ዘፋኙ ልምምድ ሲጠራ አይመጣም። ስለዚህ ወንድሜ ዜማዎቹን በኦርጋን ብቻ እየተጫወተ ካሴት ላይ ይቀዳና ቤቱ ሆኖ እንዲለማመድባቸው ይሰጠው ነበር። ዘፋኙ አልተለማመደባቸውም። እንደሄዱ ተመለሱ። እንደዚያም ሆኖ ወንድሜ መቅዳቱን አላቆመም፤ ሰው ማመን የማይሰለቸው ዓይነት ነበር፤ ይህ ጠባዩ ያናድደኝ ነበር።

ካሴቶቹ ሁሉ ባለ ስድሳ ደቂቃ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ አለ፤ ከፊት ገጹ መጀመሪያ ላይ። ሌላው ባዶ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ሰርግ ላይ ሰው ተራ ይጠብቃል እንዴ?» አለኝ። «አክስትየዋ ተነሥታ የኛን አምጡ ካለች፣ ዘፋኙ እስኪያስታውስ ቆማ ትጠብቀዋለች? ልምምዱም እንደዚያው ነው፤ የፈለገውን ያነሣል፣ ይከታል፣ ይጫናል፣ ክር ማጠንጠን የለም። አለቀ።»

«ባለ ዘጠና ብትገዛ ግን…»

«ረጅም በሆነ ቁጥር ክሩ ስስ ነው። በዚህ ሙቀት ማስቲካ ነው የሚሆነው።»

መሪው ቤታችን ተቀምጦ ያስረዳን ነገር ይህን ነበር፦ ለኦርጋኑ ሰው እስኪገኝ፣ ወንድሜ የቀዳው ከቴፕ እየወጣ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ከበሮው፣ ጊታሩና ሳክስፎኑ ከእሱ ጋር አብረው ይጫወታሉ። የሰርግ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ሰው ፈልገው አጥተዋል። ይህን ሲናገር «ጓዳችን በመካከላችን እንዳለ ይቆጠራል» አለ። እንዳለ ይቆጠራል። ቢሮ ውስጥ ያልመጣ ሠራተኛ የሚፈረምለት ይመስል።

እናቴ «ስጣቸው» አለችኝ። «የሱ እጅ ነው። ሰው ይጨፍርበት።»

እኔ «ይቅዱና ይመልሱ» አልሁ። መሪው «እንዴታ» አለ። እንዴታ ማለት እንደማይቸግረው አውቃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ካሴቶቹን በከረጢት ይዤ መሪው ቤት ሄድሁ። በርጫ ላይ ነበሩ፤ ጫት ይዘው፣ ትራስ ደገፍ ብለው፣ የውሃ ጆጋቸውን ከመካከል አስቀምጠው። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ መሪው፣ ዘፋኙና ከበሮ መቺው፤ ጊታሪስቱ በርጫ ላይ አይገኝም። ባለ ሁለት ካሴቱ ቴፕ የከበሮ መቺው ነው፤ ከጅቡቲ በባቡር ያስመጣው፤ ከልጁ ይልቅ የሚሳሳለት። የባንዱ ውሳኔ ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ሲጀምሩ ሰዎች ናቸው። ምርቃናው ሲይዛቸው ሚኒስትሮች ይሆናሉ። ሲለቃቸው የወሰኑትን የሚያስታውስ የለም፤ ግን ውሳኔው ውሳኔ ነው።

«ጀባ» አለኝ ከበሮ መቺው፣ ጥቂት እንጨት ጫት እየወረወረልኝ።

«አልቅምም።»

«አቦ፣ ወንድምህም መጀመሪያ እንደዚህ ነበር የሚለው።»

«ወንድሜም አይቅምም ነበር።»

«አይቅምም ነበር?» ወደ ዘፋኙ ዞረ። «ወላሂ? ታዲያ ያ ሁሉ የሱ ድርሻ የት ይገባ ነበር?»

«አንተ ውስጥ ነዋ» አለው ዘፋኙ።

ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ከዚያ አብረውት የኖሩት ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንኳ እንዳላዩለት ገባኝና ተውሁት።

ካሴቶቹን አንድ በአንድ እየከተቱ ሰሙ። ስለ መስማታቸው ክፉ አልናገርም፤ ሲሰሙ መቃም አቆሙ። ዘፋኙ እንኳ ቅጠሉን በእጁ እንደያዘ ቆየ። የመጨረሻውን ሲከቱት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ቢዮ አዋሌ በሄደ ጊዜ ሴቶች ሲዘፍኑት ሰምቶ የያዘው የኦሮምኛ ዜማ ነው። ጥሩ አድርጎ ሄዶ ሄዶ፣ መሀል ላይ ጣቱ ሳተ። «አይ፣ አይደለም» አለ። ሳቀ። አጭር ሳቅ፣ በአፍንጫው የምትወጣ። ወንበሩ ተንቋቋ። «እንደገና» አለና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሁለተኛውን ያለ አንዳች ስህተት ተጫውቶ ጨረሰ።

ከሁሉም ካሴቶች የወንድሜ ድምፅ ያለበት እሱ ብቻ ነው። መኖሩን አላውቅም ነበር። ያን ቀን፣ በእነሱ መካከል ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

«ይኸኛው የተበላሸ ነው» አለ መሪው። «ወደ ጎን አድርገው።»

«እሱን ለኔ ስጡኝ» አልሁ። «ካልፈለጋችሁት አሁኑኑ ልውሰደው።»

«ሥራው ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ ይመለሳል።»

«የማትጠቀሙበት ከሆነ እኮ…»

«ወንድም፣ ንብረት ተቆራርጦ አይወጣም። አሠራር አለ።»

አሠራር አለ። ከወንድሜ ሳቅ በላይ አሠራር አለ። ከረጢቱን አንሥቼ መውጣት እችል እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ግን እናቴ ስጣቸው ብላ ነበር የላከችኝ፤ በእኛ ቤት ደግሞ በለቅሶ ወር የእናትን ቃል ማጠፍ የለም።

ከዚያ ምን ዓይነት ካሴት ላይ ይቀዳ የሚለው ተነሣ። እነሱ እንደ ጦር ግንባር ጉዳይ ነው የተወያዩበት። መሪው ቆመ። ተቀምጦ መናገር ይቻል ነበር፤ ቆመ።

«ጓዶች፣ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አያችሁ? ከግማሽ በላይ ነው። የኋላ ገጹማ ጭራሽ አልተነካም። ይህ የሀብት ብክነት ነው። ሟች ጓዳችንን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን ብክነት ነው።»

«ትክክል» አለ ዘፋኙ፣ ጉንጩ እንደተወጠረ።

«ሁሉንም አንድ ባለ መቶ ሃያ ደቂቃ ካሴት ላይ እንቀዳቸዋለን። በቅደም ተከተል። አንዴ ተከፍቶ ሰርጉ እስኪያልቅ ይሄዳል። ካሴት መቀያየር የለም፣ መፈለግ የለም።»

እኔ ወንድሜ ያለኝን ነገርኋቸው። ረጅሙ ክር ስስ ነው፣ ሙቀት አይችልም አልሁ። ስናገር እጀምርና እቆማለሁ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነኝ፤ ያን ቀን ደግሞ ባሰብኝ።

«አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለኝ ዘፋኙ።

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ።»

«ፊዚክስ ስንት አመጣህ?»

«ውጤት ገና አልመጣም።»

«እሺ፣ ሲመጣ ስለ ክር ታስተምረናለህ።»

ከበሮ መቺው በሳቅ ውሃው ትን አለው። እኔ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ ጠየቅሁ። «አክስቶቹ ከተራው ውጭ ቢጠይቁስ?»

መሪው ትንሽ አሰበ። በጣም ያሰበ መሰለ። «ይመዘገብላቸዋል» አለ።

ይህን የፈጠርሁት የሚመስለው ሰው ይኖራል። አልፈጠርሁትም። እየጨፈረች ያለች ሴት ዘፈን ብትጠይቅ ይመዘገብላታል። ከዚያ እጅ አውጥተው ድምፅ ሰጡ፤ ሦስት ሰው ሆነው። መሪው «ቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ፤ ከበሮ መቺው «ይያዛል» አለ። እኔ ባዶ እጄን ወጥቼ ሄድሁ።

በማግሥቱ ቀፊራ ገበያ ካሴት ሲገዙ አብሬ ሄድሁ። የሄድሁት ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ እንደሆነ ብዬ ነው። ከቅመሙ ተራ ወዲያ፣ ከባቡር የወረደ ዕቃ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ጋ ቆምን። ባለ ስድሳ ዘርግታ ነበር፣ ባለ ዘጠናም ነበር። መሪው ሁሉንም በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና ባለ መቶ ሃያ ጠየቃት። ሴትየዋ ፊቱን አየች። ከሣጥኑ ሥር እጇን ሰድዳ አንድ አወጣች፤ ሽፋኑ በፀሐይ ገርጥቶ ጽሑፉ አይነበብም። አቧራውን በሻሿ ጠረገችለት።

«ማሻ አላህ» አለች፣ «ባለቤቱ መጣ።»

መሪው እንደ ምርቃት ተቀበለው። ጎረቤቷ፣ ሻማ ሻጯ፣ በሶማልኛ አንድ ነገር አለቻትና ሁለቱም አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ሰው የማይገዛው ዕቃ ገዢ ሲያገኝ በየትኛውም ቋንቋ የሚሳቀው ሳቅ አንድ ነው።

ሰርጉ ከዚራ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ «ሄደህ ስማውና ንገረኝ» አለችኝ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሰርግ አይሄድም፤ ከአጥሩ ጥግ፣ ከመኪኖቹ አጠገብ ቆምሁ። ዳሱ ሸራ ነው፤ ጣራው ዝቅ ያለ፤ ከውስጡ የሚወጣው ሙቀት ፊት ይገርፋል።

ወንድሜ ይጫወትበት የነበረውን ኦርጋን አምጥተው መድረኩ ላይ አቁመውታል። ለእይታ ነው። ባንዱ ኦርጋን እንዳለው ይታወቅ ብለው። ማንም አልተቀመጠበትም። ዘፋኙ የውሃ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። መሪው ኮቱን አወለቀና አጣጥፎ ቁልፎቹ ላይ ጣለው። ቴፑ ከኋላ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የፀሐይ ጨረር በሸራው ቀዳዳ በሚገባበት በኩል ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን ጥሩ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ከጥሩም በላይ ሄደ። ኦርጋኑ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ ሰው ሁሉ ተነሣ። ሙሽሪት ሳቀች። እኔ መኪናውን ተደግፌ ቆምሁ። ለትንሽ ጊዜ ያ መሪ ትክክል ነበር ይሆን እንዴ ብዬም አሰብሁ።

ከዚያ አክስቶቹ ተነሡ። የሐረሪ አክስቶች ናቸው፤ ባለ ቀለም ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወርቃቸውን አድርገው፣ በመሀሉ ገብተው የራሳቸውን ጠየቁ። ዘፋኙ ወደ መሪው አየ፣ መሪው ወደ ከበሮ መቺው አየ። «ይመጣል፣ ይመጣል» አለ ዘፋኙ በማጉያው። «አሁን ተራው የ…»

«የማን ተራ?» አለች ትልቋ። «ልጁን የወለድን እኛ፣ ተራ ደግሞ ከእናንተ?»

ከበሮ መቺው ከበሮውን ትቶ ወደ ቴፑ ሮጠና ክሩን ወደፊት ማጠንጠን ጀመረ። ድምፅ ማጉያውን ግን ማጥፋት ረሳ። የወንድሜ ዜማዎች በሙሉ ተጨፍልቀው እንደ አይጥ ጩኸት በዳሱ ላይ ወጡ። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። ያልፈዋል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያልፈዋል። ሲያገኘው ከመሀሉ ነው ያገኘው።

ያኔ ክሩ ሞቆ ነበር። ኦርጋኑ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ብቻ መሰለኝ። ዘፋኙ እሱን እየተከተለ ወረደ፤ ወረደ፤ ደረቱ ውስጥ እስኪገባ ወረደ። መሪው ሳክስፎኑን ከመጀመሪያው ቅኝት አላነቃንቅ ብሎ ብቻውን ከላይ ቀረ። ከአጠገቤ የቆመ ሾፌር «ይኼ የሱዳን ስልት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልሁት። «ታዲያ ምንድነው?» አለ።

ከዚያ ቴፑ ክሩን በላው። ኦርጋኑ ተንቋርሮ ጠፋ። ከበሮ መቺው ክዳኑን ከፍቶ ሲስበው ክሩ መጣ፣ መጣ፣ አያልቅም፤ ጣቱ ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ጠረጴዛው እግር ላይ ተጠመጠመ። ሁሉንም ነገር አንድ ካሴት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚያጣው። ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስም አያስፈልግም።

ሰርጉስ? ሰርጉ ምንም አልሆነም። ትልቋ አክስት ሰሐን አነሣች፣ ሌላዋ የከበሮ መቺውን ትንሽ ከበሮ ከመድረኩ አወረደች፤ እያጨበጨቡ የራሳቸውን ዘፈን ራሳቸው ዘፈኑ። ሰው ያኔ ነው በትክክል የጨፈረው። ባንዱ ቆሞ አየ። መሪው አንድ ሁለቴ ሳክስፎኑን ሊያስገባ ሞከረ፤ አንዲት ሴት በእጇ ዝም በል አለችው፣ ዝንብ እንደሚባረር።

ለእናቴ «ጥሩ ነበር፣ ሰው ጨፈረ» አልኋት። ሁለቱም እውነት ነው።

ካሴቶቹን ለመውሰድ መሪው ቤት ስሄድ ሦስቱም እዚያው ትራስ ላይ ነበሩ። ኀፍረት ላይ አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ግምገማ ላይ አገኘኋቸው።

«ጥፋቱ የካሴቱ አይደለም» አለኝ መሪው፣ ሳልጠይቀው። «የአየሩ ነው። በዚህ ላይ ተግባብተናል። ለእሑዱ ሰርግ በባለ ዘጠና እንሞክራለን።»

«ካሴቶቹን ስጡኝ።»

«ከቀዳን በኋላ…»

«አሁን።»

ከበሮ መቺው ከረጢቱን ሰጠኝ። ሁሉም ነበሩ። የቢዮ አዋሌውን ካሴት አወጣሁና «ይህን አሰማኝ» አልሁት። ቤት እስክደርስ መጠበቅ አልቻልሁም። ከተተው፤ ከመጀመሪያው ተጫነ።

የወጣው ድምፅ የመሪው ነበር። «ጓዶች፣ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አያችሁ?»

ካሴቱ ቀጠለ። የሀብት ብክነቱ መጣ። ትክክል የሚለው መጣ። የኔ ድምፅ መጣ፣ እየተደናቀፈ፣ ክሩ ስስ ነው እያለ። የፊዚክሱ ሳቅ መጣ።

«ይህ ምንድነው?» አልሁ።

ከበሮ መቺው ጢሙን አሸ። «ቃለ ጉባኤው ነዋ። ይያዝ ተባለ። ወረቀት ደግሞ አልነበረም፤ መሪው ሊናገር ሲቆም ወደ መጀመሪያው አጠንጥኜ መቅጃውን ተጭኜው ነበር፤ ቆይተው እንዳይካዱ ብዬ።»

«በዚህ ላይ?»

«የተበላሸ ነው ተባለ እኮ፣ ወንድም። በደህናው ላይ አልቀዳሁም። ለደህናዎቹ ተጠንቅቄያለሁ።»

አልዋሸም። የሚያስጠላውም ይኸው ነው፤ እንደ አሠራሩ ትክክል ነበር። የወንድሜን ሥራ እንዴት እንጠብቅ ብለው የተሰበሰቡትን ስብሰባ ወንድሜ ላይ ቀዱት። «ይመዘገብላቸዋል» የሚለው መጣና ትንሽ ቆይቶ ቋ አለ። ቆመ። ከዚያ ኦርጋኑ ጀመረ፤ ከሁለተኛው። ስህተቱ የለም። «አይ» የለም፣ «አይደለም» የለም፣ ሳቁ የለም፣ «እንደገና» የለም። ንጹሑ ብቻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

መሪው ጣቱን አነሣ። ፊቱ በራ። እንዴት እንደበራ አልረሳውም።

«አያችሁ?» አለ። «ስህተቱ ወጣለት እኮ። እንዲያውም ጠራ። አሁን ይህም ለሰርግ ይሆናል።»

«ወላሂ ይሆናል» አለ ዘፋኙ።

ልሰድባቸው አፌን ከፈትሁ። እንደነሱ ላለ ሰው የሚሆን ስድብ በየትኛውም የከተማችን ቋንቋ አላውቅም፤ ብዙ ቋንቋ ነው ያለን። ካሴቱን አወጣሁና ከረጢቱ ውስጥ ጨመርሁት።

«ወዴት?» አለ መሪው። «ለእሑዱስ?»

«ሰው ፈልጉ።»

«አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ የባንዱ ንብረት ነው።»

«የባንዱ ንብረት ከዳሱ ጠረጴዛ እግር ላይ ተጠምጥሟል» አልሁት። «ሂድና ፍታው።»

ከበሮ መቺው ሳቀ፤ መሪው ሲያየው ተወው። ከኋላዬ «እማማን አነጋግራለሁ» ሲል ሰማሁ። አላነጋገረም። ለዚያ ቤታችን ድረስ መምጣት ያስፈልገው ነበር፤ ለቅሶው ደግሞ አልፏል።

ቤት ስደርስ እናቴ ጓዳ ነበረች። ትንሿን ቴፓችንን ከመስኮቱ ወደ ጥላው አዛወርሁና ካሴቱን ከተትሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ምናልባት እነሱ ቤት ሆኜ ስለሰማሁት፣ እዚህ ብሰማው ሌላ ነገር የሚወጣ መስሎኝ ነው። የመሪው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ማነው የመጣው?» አለች እናቴ ከጓዳ። «ቁጭ በል በለው እንጂ። ቆሞ ነው እንዴ የሚያወራው?»

«ማንም አይደለም እማዬ።»

የውሃ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ወንበሩን አየች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ ቴፑን አየች። ገባት። እኔ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ቋ አለና ኦርጋኑ ጀመረ። እናቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን አልጨፈነችም፣ አላለቀሰችም፤ ደጁን እያየች ሰማች። ሁለተኛው ነው፤ ጣቱ አንድም ቦታ አልሳተም። ሳቁ ነበረበት ብዬ አልነገርኋትም። እስከ ዛሬም አልነገርኋትም፤ ያላወቀችውን ምን ብዬ አሳጣታለሁ።

ሲያልቅ «ድገመው» አለችኝ።

ወደኋላ አጠነጠንሁ። የት ላይ እንደማቆም አላወቅሁም፤ አሳለፍሁት። መሪው ተነሥቶ ስለ ሀብት ብክነት እንደገና ጀመረ። ላሳልፈው ቁልፉን ልነካ ስል እናቴ «ተወው» አለች። «ክሩን አታድክመው። ይናገርና ይጨርስ።»

እስኪጨርስ ጠበቅነው።